ስለ ስደተኞችና ሥራ አማካሪ ቡድን ቢቋቋም፣ ከእኛ ወገን ማን ይቀመጥ?

ጥያቄውን በዚህ የውይይት ገጽ ላይ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ መልሶቹን ሰብሰብ አድርጎ የማቅረቡም ዕዳ የእኔ ነው። እስካሁን 31 መልስ ገብቷል፤ ሁለቱን አወያዩ ከገጹ አንስቷቸዋል። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የማወራው። ቅር ያለው ይውቀሰኝ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የቆየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በ2008 የያኔው ገዥ ማርቲን ኦማሊ በትዕዛዝ «የአዲስ አሜሪካውያን ምክር ቤት» አቋቁመው ነበር፤ ምክር ቤቱም በ2009 ሪፖርቱን አወጣ። ኮሎራዶ በ2021 በሥራና ቅጥር መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የአዲስ አሜሪካውያን ጽሕፈት ቤት በሕግ ከፈተች። ሚኒሶታም በ2023 ተመሳሳይ ጽሕፈት ቤት አቋቋመች። እንግዲህ ስደተኛውና ሥራው እንዴት ይገናኙ በሚለው ላይ ስቴቱን የሚያማክር ቡድን እንዲኖር እንጠይቅ ብንል፣ ከእኛ በኩል ማን ይቀመጥ? እኔ የምለው፣ አገር ቤት በሙያው ቱባ የነበረና እዚህ ሙያውን ያጣ ሰው ይሁን፤ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ መሐንዲስ። የሚባክነውን ዕውቀት በአካል ያሳያቸዋል። እስቲ ሐሳባችሁን ወርውሩ።

ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ስከፍልበት ከረምኩ።

መልስ 1

ምርቃት ነው። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንዲህ የሚያስብ ወጣት ያብዛልን የሚል፣ መጨረሻው ላይ የሚፈረም ነገር ካለ የት እንደሚፈርሙ የሚጠይቅ። የሚፈረም ነገር የለም። ወጣትም አይደለሁም፤ ግን ደስ አለኝ።

መልስ 2

ይኼኛው ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ነው። በ2014 በወጣው የፌዴራሉ የሥራ ኃይል ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ስቴት የሰው ኃይል ቦርድ እንዳለው አስታወሰኝ። ከቦርዱ አባላት አብዛኞቹ አሠሪዎች መሆን አለባቸው፤ ቢያንስ 20 በመቶው ደግሞ ከሠራተኛው ወገን። ለሥልጠናና ለሥራ ማገናኛ ማዕከላት የሚመጣው ብር የት ይሂድ የሚባለው በዚያ በኩል ነው። እና ጥያቄው፣ አዲሱ ቡድን የሚያማክረው ማንን ነው የሚል ነበር። ገዥውን? ሕግ አውጪውን ምክር ቤት? ወይስ ይኼንኑ ቦርድ? አማካሪ የሚሰማው ጆሮ ካልተሰየመለት ለግድግዳ ነው የሚያወራው ብሎ ዘጋው።

እኔ ማን ይናገር ብዬ ጠይቄ ማን ይስማ የሚለውን ረስቼ ነበር።

መልስ 3

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚጽፉ አንድ ጋሼ ናቸው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ቡድን ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል፤ የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ስብሰባው የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። አናፖሊስ ሜትሮ አይደርስም፤ መኪና የሌለው ሰው ቀረበት ማለት ነው። እሳቸው መኪና ነበራቸው፣ በሩት 50 ይሄዳሉ፤ በየወሩ ግን አንድ ሺፍት ይቃጠልባቸዋል። አባል ደመወዝ አይከፈለውም፣ የጉዞ ወጪው ብቻ በስቴቱ የጉዞ ደንብ ይተካለታል የሚለው ዓረፍተ ነገር በየሕጉ መጨረሻ እንደ ማኅተም የሚደገም እንደሆነ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሄጄ ጥቂት የሜሪላንድ ሕጎች አየሁ፤ እውነት ነው፣ ቃል በቃል ይደጋገማል።

ስለ ስም ካርዱ የጻፉት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ነጭ ካርቶን ጠበቃቸው፤ ስማቸው በሁለት ፊደል ስህተት ተጽፎበታል፣ ፊቱም «ዶክተር» ተለጥፎበታል። ዶክተር አይደሉም፤ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ለጸሐፊዋ ነገሯት፤ ይቅርታ ጠየቀች። በሚቀጥለው ወር ያው ካርቶን መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ካርቶን። ወደ መጨረሻው ላይ እሳቸው ራሳቸው ዶክተር ሲባሉ አቤት ማለት ጀመሩ። ሪፖርቱ የወጣ ቀን ፎቶ ተነሡ፣ ሳንድዊች በሉ፣ ተለያዩ። ከዚያ ወዲያ ስልክ የደወለላቸው የለም።

ማማረራቸው ግን አይደለም። ቡድኑ ይቋቋም፣ ነገር ግን ስብሰባው ማታ ወይም በዙም እንዲሆን፣ ለደመወዝተኛው የቀረበትን የሚተካ ገንዘብ እንዲኖር ሕጉ ውስጥ ይጻፍ፤ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል ነው ያሉት።

መልስ 4 እና 5

ጋሼን ማመስገን። አንዷ አባቷን እንዳስታወሷት ጻፈች።

መልስ 6

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የመጣ ነው፤ እኔ ከዚህ የውይይት ክር የተማርኩት ትልቁ ነገር እዚህ አለ። በ2014 የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በውጭ አገር ስለተማሩ ሐኪሞች ብቻ የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ስለ ስደተኛ ኑሮ በጠቅላላው ሳይሆን ስለ አንድ ነገር፤ እዚህ ስቴት ውስጥ ተቀምጠው ፈቃድ ያላገኙት ሐኪሞች ስንት ናቸው፣ የት ላይ ነው የሚወድቁት። ቁጥሩን ከ250 እስከ 400 ገመቱ። ሪፖርቱ በጃንዋሪ 2015 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሕግ ሆነ፣ በጀት ተመደበለት፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሐኪሞች ድጋፍ ፕሮግራም በስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ሁለት ዓመት ሚኒሶታ ለኖሩ ስደተኛ ሐኪሞች የተለየ የሬዚደንሲ (ሐኪም ሙሉ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጥንበት) ቦታ በስቴቱ ገንዘብ ይከፈታል፤ የገባበት ደግሞ ሲጨርስ ገጠር ወይም ሐኪም በሚያጥርበት ሰፈር አምስት ዓመት ያገለግላል።

ለምን ሬዚደንሲ ላይ አተኮሩ ለሚለው ጸሐፊው ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። ፈተናውንማ ሰዉ ያልፈዋል። ማነቆው ቦታው ነው፤ የሬዚደንሲ ቦታን በአብዛኛው የሚከፍለው ሜዲኬር፣ የፌዴራሉ የአረጋውያን ጤና መድን፣ ሲሆን፣ ከ1997 ጀምሮ በየሆስፒታሉ የሚከፍልበት ቁጥር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ግብረ ኃይሉ ይህን አንድ ቋጠሮ ስላገኘ ስቴቱ ምን እንደሚፈታ አወቀ።

መልስ 7

ወዲያው መልስ 6ን ተቃወመ። ቴኔሲ ያን ያህል ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ በ2023 ሕግ አውጥታ፣ በውጭ የሠለጠነ ሐኪም ሬዚደንሲውን ሳይደግም በጊዜያዊ ፈቃድ በሆስፒታል ክትትል ሥር እንዲሠራ በር ከፈተች፤ ቨርጂኒያም በ2024 የራሷን አወጣች። ኮሚቴ የሚባል ነገር ጊዜ መግደያ ነው፤ ሐበሻ ደግሞ ኮሚቴ ይወዳል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ኮሚቴ ነው ብሎ ተረበን። የሴንት ፖሉ ሰው ተመልሶ አጭር ነገር አከለ፤ ፈቃድ በወረቀት ማግኘትና ሆስፒታል መቀጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሬዚደንሲ ያልሠራን ሰው አሠሪውም ኢንሹራንሱም ያመነታበታል የሚል። ይህ መልስ 8 መሆን ነበረበት፤ የራሱ የመልስ 6 ሥር ስለገባ ቁጥር አላገኘም።

መልስ 8

እዚህ ጋ ነው የተገረፍኩት።

የጻፈችው እህት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማታ ከ5 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት የምትሠራ ረዳት ናት። ይህ የሐኪምና የታክሲ ተረት መቼ ነው የሚያበቃው ብላ ጀመረች። ከመልስ 1 እስከ 7 ስንወርድ ስለ ሐኪም ብቻ ነው ያወራነው፤ እሷ ቤት ውስጥ፣ ሕንጻዋ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ያለው ሰው ግን አረጋዊ የሚያገላብጥ፣ ሆቴል የሚያነጥፍ፣ ሕፃን የሚይዝ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያሳዝነን ዲግሪ ካለው ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አገር ቤት 10ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እዚያው ቢቀር አይቆጨንም ማለት ነው።

ቀጥላም የራሷን ዘረገፈች። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ለመሥራት የረዳት ነርስነቱ ሰርተፍኬት ብቻ አይበቃም ነበር፤ የአረጋውያን ረዳት የሚባለውን ጂኤንኤ መያዝ ነበረባት። ቀን ላይ ደግሞ ዲሲ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤታቸው ሄዳ ትንከባከባለች፤ ለዚያ የዲሲ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ የማደሻ ቀን። ሁለቱን ካርዶች በአንድ የአንገት ማሰሪያ ነው የምታንጠለጥላቸው፤ ኢስተርን አቬኑ ስትደርስ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ የፊቱን ወደ ኋላ ታዞረዋለች። መንገዱ ግራው ዲሲ ነው፣ ቀኙ ሜሪላንድ። ማታ ሰው ማንሳትና ማጠብ የምታውቀው እጅ አስፋልት ሲሻገር አላዋቂ ይሆናል። ለነርሶቹ በስቴቶች መካከል የፈቃድ ስምምነት አለ፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ገብተውበታል፤ ለረዳት ግን አይሠራም። አማካሪ ቡድን የሚባለው ነገር ይህን አንድ ካርድ ቢያደርግላት ዶክተሮቹ ፎቶ ቢነሡ ግድ የላትም።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው የእኔ ነው። ሳልበርድ ጻፍኩት። ማንንም ለመናቅ እንዳልፈለግኩ፣ ምሳሌ እንደሰጠሁ፣ እንዲህ ማጣመም ተገቢ እንዳልሆነ። አሁን ሳነበው «ምሳሌ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። እሷ አሥረኛው ላይ በአንድ መስመር መለሰች፤ ሥራ እየገባች እንደሆነና ምሳሌ የሚሆኑት ሁልጊዜ እነማን እንደሆኑ ራሴን እንድጠይቅ። ያን ሌሊት ጠየቅኩ።

ከመልስ 11 እስከ 16

ክሩ መንገድ የሳተበት ቦታ። አንድ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌሮችን አነሳ፤ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው የፌዴራል ደንብ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው ሹፌሮች የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ ምን ያህል እንዳጠበበው፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት እንደደረሰ። ቁም ነገር ነበር፤ ነገር ግን ከሥሩ ስለ ዲዝል ዋጋ፣ ከዚያ የትኛው መኪና ሞተሩ ጠንካራ ነው ወደሚለው ተወሰደ። 12 እና 13 እዚያው ቀሩ።

14 ላይ አንድ ሰው ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሥር የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ እንደሆነ፣ አማካሪ ቡድኑም መጀመሪያ እንዲህ ያለ ትርጉም እንዲጠይቅ ሐሳብ ሰጠ። ጥሩ ሐሳብ። ሥሩ የገባው ግን ይኸ «የእኛ ወገን» የምንለው የማን ወገን ነው፣ እናቴ አማርኛ አትችልም፣ ችግር ካለ በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፣ ሌላው ደግሞ ትግርኛ ነው የሚናገረው፣ አንድ ወንበር ይዛችሁ ለሁሉም እናወራለን ልትሉ ነው ወይ የሚል ነበር። ለዚህ የተሰጡት ሁለት መልሶች ናቸው የተነሡት፤ 15 እና 16። አይቻቸዋለሁ፤ መነሣታቸው ደግ ነው። የቀረበው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም፤ ቁጣው ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ጠፋ። እኔ ራሴ የመክፈቻው ጽሑፌ ውስጥ «ከእኛ በኩል» ስል ማንን እንዳሰብኩ ቢጠይቁኝ ጥርት ያለ መልስ የለኝም።

መልስ 17

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ስቴቱ የቱንም ያህል ቢያማክር የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ፌዴራል ነው አለን። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠያቂ ካመለከተ 150 ቀን ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ አይችልም፤ 180 ሳይሞላም አይሰጠውም። እሱ ያን አልፏል። ችግሩ እድሳቱ ላይ መጣ፤ ከኦክቶበር 30፣ 2025 ወዲህ ማደሻ ያስገባ ሰው፣ እንደ በፊቱ መልስ እስኪመጣ ፈቃዱ በራሱ አይራዘምለትም። ካርዱ ባለቀበት ዕለት የሥራ ፕሮግራሙ ላይ ስሙ ፊት ያሉት ሰባት ሳጥኖች ባዶ ሆነው አገኛቸው። የፈረቃ ኃላፊዋ አቅፋው አለቀሰች፤ መጋዘን ውስጥ፣ ሰው እያየ። የሠለጠነ ሰው አጣን እያሉ ነው የሠለጠነውን የሚያስወጡት ብሎ አበቃ።

ለጥቂት ሰዓታት ማንም ምንም አልጻፈም።

መልስ 18

የመልስ 2 ሰው ተመለሰ። አክብሮ ነው የጻፈው። ፈቃዱ የፌዴራል መሆኑን አልካደም፤ የሙያ ፈቃድ ግን የስቴት ነው አለ። ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ የሙያ ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች አመልካችን በኢሚግሬሽን ሁኔታው ብቻ እንዳይከለክሉ አድርጋለች፤ ኮሎራዶም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አላት። አማካሪ ቡድን ዋጋ የሚኖረው የስቴቱ ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት ለይቶ እዚያ ላይ ሲቆም ነው ነው ነገሩ። ለ17ኛው ሰው የዛሬ ዳቦ እንደማይሆን ግን ራሱ ጽፏል።

መልስ 19 እና 20

አንዲት እህት ፍርሃቷን ተናገረች። የእነዚህ ቡድኖች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቃለ ጉባኤው ይታተማል። ወረቀቱ ያላለቀ ሰው ስሙን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ ሰፈሩን በዚህ ዘመን እንዴት ማይክ ላይ ይናገራል? ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋሼ መለሱላት፤ ወንበሩ ላይ ዜግነት ያለው ሰው ይቀመጥ፣ የሌላው ቃል ስም ሳይኖረው በጽሑፍ ይቅረብ። የመክፈቻ ሐሳቤ ላይ ይኼኛው ነው ትልቁን ጉድጓድ የቆፈረው፤ ችግሩ የያዘው ሰው ራሱ ይቀመጥ ብዬ ነበርና።

ከመልስ 21 እስከ 25

ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ውጤት ሰነዱ። ይህ ሳይነሣ የሐበሻ ክር አያልቅም።

አንዱ የደረሰበትን ጻፈ። ዲግሪውን የሚመዝነው ድርጅት ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ፣ እሽጉ ላይ ማኅተም ተደርጎበት ይምጣ ይላል። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ ሁለት ወር ሬጅስትራር ተመላለሰ፤ ፖስታው ተገኘ። ወንድምየው ግን ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ሳይጎድል ይሆን ብሎ በእንፋሎት ከፈተው፣ ገጾቹን ቆጠረ፣ ለማስረጃ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ መልሶ በስኮች ለጠፈው፣ ከላዩ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ «ተረጋግጧል» ብሎ ፈረመበት። ፍቅር ነው። ሦስት ወር ወደ ኋላ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ለጥምቀት ማን አዲስ አበባ እንደሚሄድ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ያለው ማን እንደሆነ መጠያየቅ ጀመረ። ሁለት ፖስታና አንድ ኪሎ በርበሬ በዚህ ክር ላይ መጓጓዣ አግኝተዋል።

መልስ 26

ስድብ ባይባልም ስድብ ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ወንበሩን ለራሴ ስለፈለግኩ እንደሆነ፣ በየማኅበሩ ሊቀመንበር የሚሆኑት ሁልጊዜ ያው ስምንት ሰዎች እንደሆኑ፣ እኔም ዘጠነኛ ልሆን እንደተነሣሁ። ሁለት ሰዎች ተሟገቱልኝ። እንዳይሟገቱ ጻፍኩላቸው። ፋርማሲስት ነበርኩ፤ አሁን አይደለሁም፤ መክፈቻውን ስጽፍ ወንበሩ ላይ የማየው ሰው ትንሽ እኔን ይመስል ነበር።

መልስ 27 እና 28

ረዳቷ እህት ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ረጋ ብላ። ቡድኑ በዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ አለች፤ እንደ ሚኒሶታዎቹ። የመጀመሪያው ዓመት ጥያቄ የእሷ ካርድ ካልሆነ የ17ኛው ወንድም ቢሆን አይከፋትም። የመልስ 2 ሰው አንድ ነገር አከለበት፤ ሪፖርቱ የሚደርሰው መሥሪያ ቤት ይህን እቀበላለሁ፣ ይህን አልቀበልም፣ ምክንያቴም ይኸው ነው ብሎ በጽሑፍ፣ ቀን ተቆርጦለት እንዲመልስ ሕጉ ያስገድደው። በገዥ ትዕዛዝ ብቻ የቆመ ቡድን ከገዥው ጋር ይመጣል፣ ከገዥው ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ በሕግ ይሁን።

ከመልስ 29 እስከ 31

የሜሪላንድ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ የሚቀመጠው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሐሳቡን የሚያቀርብልን ተወካይ ከዚያ በፊት መፈለግ አለበት። ስለዚህ 29 ላይ እኔ የመክፈቻ ጥያቄዬን ቀየርኩት፤ ማን ይቀመጥ የሚለውን ትቼ ስንት ሰዓት ላይ ይቀመጥ አልኩ። ረዳቷ ከሥራ ወጥታ እስከ ቀትር ትተኛለች፤ ጋሼ ማታ መንዳት ዓይናቸው አይፈቅድም። ተወያይተን ለረቂቁ በዙም እንገናኝ ተባለ፤ እሑድ፣ 10 ሰዓት። 30ኛው ላይ ጋሼ እስማማለሁ ብለው ፈረሙ፤ ዶክተር የሚለውን ከስማቸው ፊት ጨምረው፣ ከጎኑ የሳቅ ምልክት አድርገው።

31ኛው ገና ምንም ጽፎ የማያውቅ አባል ነው። ጥያቄው አንዲት ናት፤ 10 ሰዓት የተባለው በሐበሻ ነው በፈረንጅ? እስካሁን የመለሰለት የለም፤ እኔም እርግጠኛ ስላልሆንኩ ዛሬ ጋሼ ጋ እደውላለሁ።